የሳምራዊት ድምፅ ጅማ ላይ

የሰው ድምፅ መዋዋስ ከተጀመረ ወዲህ፣ አንድ ድምፅ በአንድ ጊዜ የሚያድረው በአንድ ጉሮሮ ብቻ ነው። የባለቤቴ የሳምራዊት ድምፅ ከመስከረም ጀምሮ ሀሴት በምትባል ወጣት ተዋናይ ጉሮሮ ውስጥ ነው። ሳምራዊት ሀሴት አሁን በምትጫወትበት ጥንታዊ ተውኔት ንግሥቲቱን ስትጫወት ነው ያረጀችው። ጉልበቷ መድረክ ላይ አላቆም ሲላት፣ «እኔ ባልቆም ድምፄ ይቁምልኝ» ብላ አዋሰቻት። እስኪመለስላት ድረስ አንዲት ቃል አይወጣትም። እኛም ቴአትሩን በየከተማው እየተከተልን እናያለን፤ ሐዋሳና ድሬዳዋ አይተን ትናንት ጅማ ገባን።

ማታ አዳራሹ ውስጥ፣ ንግሥቲቱ ልጇን ስትቀብር፣ ከጎኔ የተቀመጡት ሰውዬ እንባቸውን እየጠረጉ፣ «ምን ዓይነት ድምፅ ነው!» አሉ።

«የባለቤቴ ነው!» አልኳቸው፣ ማን ጠየቀኝ ሳልል። ሳምራዊት በክርኗ ጎሸም አደረገችኝ፤ እሷም ግን ቀና ብላ ነበር የተቀመጠችው።

ሲያልቅ ሀሴት መጥታ ሰላም አለችን። «ጋሽ ኪሩቤል፣ ድምፁ ናፍቆዎት ይሆናል። ስምዎን ልጥራልዎት?» አለችኝ፣ በሚስቴ ድምፅ።

«ተይው የኔ ልጅ፤ አንቺ ንግሥቲቱን ተጫወቺ። እኔን የምትጠራኝ እሷ ናት።»

ዛሬ ጠዋት ክፍላችን ውስጥ ጫማዬን ሳስር በሆቴሉ በረንዳ ላይ ቁርስ ቀረበ። ቀድማኝ ወጥታ የተቀመጠችው ሳምራዊት ከመስከረም ወዲህ እንደለመደችው የሻይ ብርጭቆዋን በማንኪያ መታ መታ አደረገች። የበረንዳው ሰው ሁሉ ዞሮ ሲያያት በመስኮቱ አየሁ።

«አቤት!» አልኩ፣ ሁሉም እንዲሰማ ጮክ ብዬ።