አልወጣ ያለው መስኮት

ልክ በስድስት ሰዓት ኃላፊዋ መጥታ ስዕሉን ታያለች። ስዕሉ ከሌለ የፕሮግራመሯ ቅጥር ዛሬ ያበቃል። በደብዳቤ ተነግሯታል።

ሥራው በወሬ ቀላል ነው። ኮምፒውተሩ ውስጥ አንድ የነርቭ ሴል በስሌት ይሠራል፤ በትንሽ ኤሌክትሪክ ይነካል፤ ሴሉ ሲደነግጥ ስክሪኑ ላይ መስኮት ተከፍቶ የስዕሉ መስመር ሽቅብ ይዘላል። ስሌቱ ደህና ነው። መስኮቱ ግን የለም። ፕሮግራሙ «ተከፍቷል» ይላታል፤ ስክሪኗ ባዶ ነው።

ፕሮግራሙን የጻፉት ከወር በፊት የሞቱት የቡድኑ መሪ ናቸው። ትልቅ ትንሹ «ጋሼ» ይላቸው ነበር። ደረጃ አዳልጧቸው ወደቁ፣ በዚያው ቀሩ። ኮምፒውተራቸው ተነቅሎ መግቢያ ስማቸው ለማንም ሳይነገር ለእሷ ተሰጠ። ስለዚህ የምትከፍተው መስኮት ሁሉ ግንባሩ ላይ «ጋሼ» የሚል መለያ ይዞ ይወጣል፤ ያውም ከወጣ።

ከፕሮግራሙ አናት ላይ ቁጥር ብቻ የሆነ አንድ መስመር አለ፤ የሆነ ማሽን አድራሻ ይመስላል። አየችውና አለፈችው። በዚህ ቤት «ጋሼ የጻፉት አይነካም» ይባላል።

ፊት ለፊቷ ቴክኒሻኑ ተቀምጧል። የጋሼ ቀኝ እጅ የነበረ፣ በቀን ሦስት ቃል የማያወጣ ሰው። ክፍሉ ውስጥ ሁለቱ ብቻ ናቸው። የሱ ስክሪን ጀርባውን ሰጥቷታል።

አስቀድማ የፕሮግራሙን የስዕል ክፍል እንደገና አስነሳች። አልሆነም። ማሽኗን አጥፍታ አበራች። አልሆነም። እልህ ያዛትና በየሙከራው መስኮቱን በራሷ ቃል ትሰይመው ጀመር። «አለህ?» ብላ ሰደደች። ምንም። «የት ገባህ?» አለችው። አሁንም ምንም።

ቀና ስትል ቴክኒሻኑ አፍጥጦ ያያታል። ፊቱ አመድ መስሏል።

«የጋሼ ኮምፒውተር ተነቅሏል አይደል?» አላት።

«ከሞቱ ጀምሮ። ምነው?»

«ምንም።»

እሱ ነው፣ አለች በልቧ። ማሽኔን የሚነካካው እሱ ነው። የጋሼን ቦታ ሲመኝ እንደኖረ ያልሰማ የለም። ፈራችው፤ ፍርሃቷም አናደዳት።

«ተደብቀህ የት ትደርሳለህ?» ብላ ጻፈች። ለመስኮቱም ለሰውዬውም ይሆናል። ሰደደችው።

ወንበር ተንቋቋ። ቴክኒሻኑ ተነስቶ በሩን ቆለፈና ቁልፉን ኪሱ ከተተ።

ከመሳቢያው መቀስ አወጣች። በሌላው እጇ የመጨረሻውን ሰደደች፦ «ዛሬ አልለቅህም።»

ቴክኒሻኑ ወደ ራሱ ስክሪን አየና አቃሰተ። ግድግዳውን ተደግፎ መሬት ተቀመጠ።

«ነይ እይው» አላት። «እባክሽ እህቴ፣ ብቻዬን አትተይኝ።»

መቀሱን እንደያዘች ዞራ አየች። ስክሪኑ በመስኮት ተሞልቷል። በየመስኮቱ ሴሉ ይደነግጣል፣ መስመሩ ይዘላል። ግንባራቸው ላይ ተራ በተራ ተጽፏል፦ «ጋሼ፦ አለህ?» «ጋሼ፦ የት ገባህ?» «ጋሼ፦ ተደብቀህ የት ትደርሳለህ?» «ጋሼ፦ ዛሬ አልለቅህም።»

ከፕሮግራሙ አናት ላይ ያለው ያ አድራሻ የዚህ ማሽን ነበር፤ መስኮቶቿ ሁሉ ወደዚህ ሲላኩ ኖረዋል። ሳቋ ሊያመልጣት ምንም አልቀራት። ልትነግረው አፏን ስትከፍት ቀደማት።

«ጋሼ፣ ይቅር ይበሉኝ» አለ ስክሪኑን እያየ፤ «መግፋቱን ገፋሁዎት፤ ይሞታሉ ብዬ ግን አላሰብኩም።»