ልክ የገባው መገጣጠሚያ

የሐረገ ወይን አረቄ ከወገዳ እስከ መካነ ኢየሱስ አቻ አልነበረውም፤ ሽታው ብቻ አምሳ ሽማግሌ ያስጨፍር ነበር። ዛሬ ግን የአረቄ ማውጫዋ እንፋሎት ማቀዝቀዣ ጥምዝ ቧንቧ መጋጠሚያው ላይ ተሰንጥቆ እንፋሎቱን ይተፋል። የባሏ የአስናቀ ተዝካር ደግሞ ከነገ ወዲያ ነው።

ቧንቧውን ታቅፋ የቧንቧ ዕቃ ሻጩ ፊልጶስ ሱቅ ገባች። ሺህ መገጣጠሚያ ሞከሩ። አንዱ ይዝጋል፣ አንዱ እርሳስ አለበትና ይመርዛል፣ ሌላው አይገጥምም።

«ፊልጶስ፣ ባዶ መለኪያ ይዤ ካህናቱ ፊት አልቆምም! ብሞት ይሻለኛል።»

«ከዚህ ከማይዝገው ስቴንለስ በኋላ የቀረኝ የበር ማጠፊያ ነው፣ እትዬ» አላት።

ስቴንለሱ ልክ ገባ። አንዱን ጫፍ በግራ አውራ ጣቷ ደፍና በሌላው ነፋች፤ ፊልጶስ መጋጠሚያውን ባልዲ ውሃ ውስጥ ነከረው። አንዲት አረፋ አልወጣችም። ሐረገ ወይን በደስታ ልታለቅስ ደረሰች።

«አየሩ እንዳያመልጥ የነፉበትንም ጫፍ ይድፈኑት» አላት። በቀኝ አውራ ጣቷ ደፈነችው።

ከቀኝ ጣቷ ሥር ሞቅ ያለ ትንፋሽ ገፋት። ግራ ጣቷን ቧንቧው ወደ ውስጥ ሳበው።

«ፊልጶስ፣ አትንፋ።»

«በምን ልንፋ? ሁለቱም ጫፍ እርስዎ እጅ ላይ ነው።»

ትንፋሹ ጥቂት ቆመ። ከዚያ በግራ ገፋ፣ በቀኝ ሳበ፤ እንደ ተኛ ሰው፣ በዝግታ።