የእፎይታ ጉርሻ

ብር በእጅ መስጠት ከቀረ ወዲህ፣ ለጫኝና አውራጅ ጉርሻ የሚከፍለው የደንበኛው ልብ ነው። ባለ ዕቃው ከልቡ «እፎይ!» ሲል ክንዱ ላይ ያለው አምባር ራሱ ጉርሻውን ይልካል፤ የተሸካሚውም አምባር ቅጭል ይላል።

ዕቃው ምንም ሳያሰጋ ከገባ ግን ማን እፎይ ይላል? ስለዚህ ተሸካሚው ድንበሩ መላ ዘየደ። ቡፌ ተሸክሞ ደረጃ ሲወጣ፣ መታጠፊያው ላይ ሆን ብሎ ይንገዳገዳል።

«ኧረ በማርያም! ብርጭቆዎቼ!» ትጮኻለች ባለ ዕቃዋ።

እሱ ቀጥ ይላል። «እፎይ!» ትላለች። ቅጭል።

ጠዋት ጠዋት፣ ጉልበታቸው የከዳቸውን እናቱን አቅፎ ወደ ፀሐይ ያወጣቸዋል። እግሩ ለምዶበት እሳቸውንም እንደ ቡፌው ያንገዳግዳቸው ኖሯል። ትናንት አምባር ባጠለቀ ክንዳቸው አንገቱን ጥምጥም አድርገው «እፎይ» ሲሉ የእሱ አምባር እንደ ወትሮው ቅጭል አለ፤ ድንበሩ ጉርሻው ከእናቱ እንደሚመጣ ያኔ ገና ነቃ፤ የሚገባበት ጠፋው።

ዛሬ እንደ እንቁላል ይዞ፣ ንቅንቅ ሳያደርጋቸው አውጥቶ አስቀመጣቸው። አምባሩ ዝም አለ።

እናቱ ቅር ብሏቸው ቀና አሉ።

«ምነው ልጄ፣ ዛሬ ሳታስደነግጠኝ? ለምሳህ ጉርሻ እንዲገባልህ ብዬ ስፈራልህ እኮ ነው የከረምኩት።»