ቀጭ የሚለው ቦታ

«አጥፋው እባክህ፤ ባሌ ይሰማዋል» ትላለች ሚስቴ፣ ካሴቱ ውስጥ።

ከፍራሹ ላይ ብድግ እላለሁ። የከሰዓቱ ሙቀት ሸለብ አድርጎኝ ነበር፤ እንቅልፌ ባንዴ ጥርግ ይላል። አንድ ወንድ ይስቃል፣ ከማይክራፎኑ በጣም ቅርብ ሆኖ። «አቦ ሸዌ፣ ይስማው፤ ምን አለበት?» ይላታል። ከዚያ ቀጭ ብሎ ቅጂው ይቋረጣል።

ሸዌ! እኔ ባሏ እንኳ ሸዋገነት ብዬ ሙሉ ስሟን ነው የምጠራት።

ድምፁን አውቀዋለሁ። ዒልሚ ነው፣ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ሠራተኛ፣ በማታው ክፍል ከጎኗ የሚቀመጠው። ፊቱን ያየሁት አንዴ ነው። ሳሉን ግን ካሴት ስሰማ በቃሌ ይዤዋለሁ።

እኔና ሸዋገነት ዩኒቨርሲቲው እዚህ ድሬ በከፈተው የማታ ትምህርት የተመዘገብነው አብረን ነው። እኔ ግን የባቡር ትኬት ተቆጣጣሪ ነኝ፤ የሳምንቱን እኩሌታ ጅቡቲ ወርጄ ነው የማሳልፈው። ስለዚህ ከዚያው ቴፕ ገዝቼ አመጣሁላት። እሷ ሌክቸሩን ትቀዳልኛለች፣ እኔ ደግሞ በእረፍቴ ቀን ከዚራ ሰፈር ቤታችን ገብቼ፣ ሽርጤን አገልድሜ እሰማዋለሁ። ዘዴውን ያመጣሁት እኔው ነኝ፤ ማንን እወቅሳለሁ?

መጀመሪያ ያስጠረጠረኝ ያ ቀጭ ነው። መምህሩ «እሺ ጓዶች፣ ይሄን ማን ይሠራዋል?» ይላል። ቀጭ። ቀጥሎ ሲመጣ መምህሩ ሌላ ነገር ላይ ነው። ሁልጊዜ እዚያው ቦታ ላይ። ስጠይቃት «ክር ለመቆጠብ ነው፤ የክፍሉ ጫጫታ ምን ያደርግልሃል?» አለችኝ። አልዋጥኩትም። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል። ባቡሩ ላይ ሆኜ፣ እዚያች ቦታ ላይ ምን ይባባሉ ይሆን እያልኩ ስብሰለሰል፣ አዲጋላ ጣቢያ ጋ የአንዱን ነጋዴ ትኬት ሁለቴ በስቼበት ተቆጥቶኛል።

አሁን ተገኘ። ደሜ ይፈላል። እሷ ግቢ ውስጥ ልብስ ታሰጣለች፣ ከጎረቤታችን ከካልቱን ጋር በኦሮምኛ እያወራች ትስቃለች። ሳቋን እንኳ ዛሬ አላምነውም። «ባልሽ የማይሰማው ምንድን ነው?» ልላት ወደ በሩ እሄድና እመለሳለሁ። መጀመሪያ ማስረጃዬን ልያዝ። ካሴቱን ወደኋላ አጠነጥነዋለሁ።

መምህሩ ያስተምራል። ከአዲስ አበባ የመጣ ነው፤ የድሬ ተማሪ አንተ ሲለው ገና አልለመደውም። ጠመኔው ሰሌዳው ላይ ቋ ቋ ይላል። የሚለውን እሰማለሁ እንጂ አልከተለውም። ከሁለተኛው መንፈቅ ወዲህ እንዲህ ሆኛለሁ፤ ፈተናው ደግሞ ደርሷል።

«ይሄን ማን ይሠራዋል?» ወረቀት ይገላበጣል። «ጓድ ሸዋገነት፣ እንደተለመደው አንቺው ውጪ እንግዲህ።»

ወንበር ይንቀሳቀሳል። «ያዝልኝ» ትላለች ከማይክራፎኑ አጠገብ። ቀጭ አይልም። ዒልሚ ማጥፊያው የቱ እንደሆነ አያውቅም፣ ወይም አውቆ ትቶታል።

ጠመኔው እንደገና ይሰማል፣ ቀለል ያለና ፈጣን። ከዚያ የሚስቴ ድምፅ ከሩቅ ይመጣል። «ይሄን ወደዚህ ስናመጣው ምልክቱ ይቀየራል…» እያለች ታስረዳለች። አንዱ ከኋላ «አልገባኝም» ይላል፤ ሳትቸኩል ደግማ ታስረዳዋለች። አምና የዚህ ዓይነቱን ሒሳብ እዚሁ ፍራሽ ላይ እሷን የማስረዳት እኔ ነበርኩ። ግራ ሲገባት እርሳሷን ወርውራ ታለቅሳለች፣ እኔ አባብዬ ከሀ እጀምርላታለሁ። ደስ ይለኝ ነበር።

ከዚያ መምህሩ፦ «እኔ ያሰብኩት በሌላ መንገድ ነበር። የአንቺው ይሻላል።» ክፍሉ ያጨበጭባል። ዒልሚ ለሆነ ሰው «ወላሂ፣ ይቺ ልጅ መች ስታ ታውቃለች?» ይላል።

ያ ሁሉ ቀጭ ይሄው ነበር ማለት ነው። እሷ ተነስታ ስትመልስ።

ወንበሩ ይንቀሳቀሳል፣ ትንፋሿ ይቀርባል። «ስትቀዳ ነበር እንዴ? አጥፋው እባክህ፤ ባሌ ይሰማዋል።»

እፎይ ልል ይገባኝ ነበር። ሌላ ወንድ የለም፤ ሚስቴ ጨዋ ናት። ንዴቴ ግን አልበረደም፣ እንዲያውም ባሰበት። ዒልሚን ቢሆን ቀፊራ ገበያ መሀል አንገቱን ይዤ በለየልኝ። እሷን ምን ብዬ እይዛታለሁ? ቀንቼባታለሁ፤ በገዛ ሚስቴ ጉብዝና ቀንቻለሁ። እንዳይከፋኝ ብላ ልትደብቀኝ መልፋቷ ደግሞ ከሁሉም በላይ ያናድደኛል።

ካሴቱን አጠነጥነዋለሁ። ስሟ ከመጠራቱ በፊት አቆመዋለሁ። ከዚያ ማጫወቻውንና ቀዩን የመቅጃ ቁልፍ አብሬ እጫናለሁ። ክሩ ይዞራል። ሒሳቧ በነበረበት ቦታ የዚህ ክፍል ዝምታና የጣራው ቬንትሌተር ይቀዳሉ። ጭብጨባው ጋ እስኪደርስ በላብ ተጠምቄ እጠብቃለሁ።

ሸዋገነት ባዶውን ሳፋ ይዛ ትገባለች። መጀመሪያ እኔን ታያለች፣ ቀጥሎ ቴፑን፣ ቀጥሎ የተጫነውን ቀይ ቁልፍ። ሳፋውን ቀስ ብላ መሬት ታስቀምጣለች። ልታጠፋው እጇን አትዘረጋም።

አጠገቤ ፍራሹ ላይ ትቀመጣለች።

«ያልገባህ ቦታ አለ?» ትለኛለች፣ ቅድም ካሴቱ ውስጥ በሰማሁት ድምፅ፣ ሳትቸኩል።

«የለም» እላታለሁ፤ እሱም ይቀዳል።