አሮጌዋ ፓኬጅ

የመሥሪያ ቤታችን የሠራተኞች መዝገብ የሚሠራው ፓይተን በሚባለው የኮምፒውተር ቋንቋ ነው፤ ያውም ዓለም ከረሳው ዓመታት ባለፉት ፓይተን። የኮምፒውተር ክፍል ኃላፊ ሆኜ የተሾምኩ ዕለት ሠራተኞቹን "ይሄን ጉድ ነው ሲስተም የምትሉት?" አልኳቸው።

ወደ አዲሱ ሳሸጋግረው ፓኬጅ የሚባሉት የኮድ ጥቅሎች ሁሉ ታደሱ፤ እምቢ ያለችው አንዲት ብቻ ነበረች። በጡረታ የወጡት አቶ ደምረው ራሳቸው የጻፏት ናት። ከፍቼ ሳያት ሳቄ መጣ። እንኳን ባለሙያ፣ ተማሪም እንደዚህ አይጽፍም።

"ኢንጂነር፣ እሷን ባይነኳት" አሉኝ የሰው ኃይል ክፍሏ ወይዘሮ ይታይሽ። "የልደት ዘመናችን የተሞላው በእኛ አቆጣጠር ነው። ወደ ፈረንጆቹ የምትቀይረው እሷ ናት።"

በሃምሳ ሦስት ዓመቴ፣ ፋይል ከማገላበጥ ያላለፈች ሴትዮ ስለ ኮድ ልታስተምረኝ!

"እርስዎ ማኅተምዎን ይምቱ" አልኳቸውና ፓኬጇን አጠፋኋት። በምትኳ ዓለም ሁሉ የሚጠቀምባትን ጫንኩ። ሲስተሙ አንድም ስህተት ሳያሳይ ተነሳ። "አያችሁ?" አልኩ።

በማግስቱ ጠዋት ወይዘሮ ይታይሽ ሲስተሙ ራሱ ያወጣውን ደብዳቤ ጠረጴዛዬ ላይ አኖሩ። ስሜ እስከ አያቴ ተጽፏል። "የልደት ዘመን፦ 1965። የዛሬ ዘመን፦ 2026። ዕድሜ፦ 61። የጡረታ ዕድሜዎ ስላለፈ ከዛሬ ጀምሮ ተሰናብተዋል።"

"ይሄ እኮ..." አልኩ።

"ወጪ ሆኗል፣ ኢንጂነር" አሉኝ የፊርማ መዝገቡን እየገለጡ። "ማኅተሙንም እንዳዘዙኝ መትቻለሁ። እዚህ ጋ 'ደርሶኛል' ብለው ይፈርሙልኝ።"