የደረቀው ሐይቅ ቆሮሶ

የዝዋይ ሐይቅ ከደረቀ በኋላ የተወለደችው የልጅ ልጄ ፌናን የልጅነቴን ዓሣ፣ ቆሮሶን፣ እንድትቀምስልኝ፣ የየአገሩን ሲሳይ በትንንሽ ሳህን በየተራ ወደሚያቀርበው የጃፓን ካይሴኪ ቤት ወሰድኋት።

“ቆሮሶው የዝዋይ ነው፣ አባታችን፤” አለ አስተናጋጁ እጅ ነሥቶ።

“ዝዋይ አቧራ ነው። ከየት አጠመዳችሁት?”

“ከተረፈች አንዲት ኩሬ።”

አላመንሁትም። ነገር ግን ከአፌ ቀጭን እሾህ ሳወጣ በጥርጣሬዬ አፈርሁ፤ ሰው ሠራሽ ዓሣ እሾህ የለውምና።

“አባባ፣ የእኔ ተበላሽቷል፤ ሽቦ አለው!” ብላ ፌናን ሳቀች።

“እሾህ ነው፣ አንቺ የከተማ ልጅ! ወዲህ በይው።”

ተቀብዬ ከእኔው እሾህ ጎን አኖርሁት። ሁለቱም ከአንድ ቅርጽ የወጡ ይመስል በአንድ ስፍራ ጎብጠው፣ በአንድ ስፍራ ተሰንጥቀዋል። ቀና ብል አስተናጋጁ ዓይኑን ሰበረ።

“እውነተኛ ዓሣ እንዲህ ነው የሚጣፍጠው፣ አባባ?”

“አዎን፣ ልጄ፤ ልክ እንዲህ ነው፤” አልሁና ሁለቱን እሾሆች በመሐረቤ ሸፈንኋቸው።