ለአበልጅ የማይነገር

«ደህና ነኝ፤ እግዜር ይመስገን» ትላለች ዓለምእሸት አሁንም። ከንፈሯ አመድ መስሏል።

«ደህና ነኝ» እላለሁ በእንግሊዝኛ።

ፈረንጇ ሐኪም እስክሪብቶዋን ትጥላለች። «ደህና ከሆነች ለምን መጣች? ጠይቃት።»

አብዮቱ ቱሪስቶቹን ካስቀረብን ወዲህ አስጎብኚነቱን ትቼ እዚህ ክሊኒክ ማስተርጎም እየተማርሁ ነው። ለቱሪስት ማውራት ቀላል ነበር፤ መላእክቱን እንዳሻኝ ጨማምሬ የውቅር ቤተ ክርስቲያኑን ቋጥኝ ሳስፈለፍላቸው የሚቆጣጠረኝ አልነበረም። እዚህ አስተማሪዬም ሐኪሟ ናት፤ ቃል ብጨምር ትቆጣለች፣ ብቀንስም ትቆጣለች። ሰለቸኝ።

«አበልጄ፣ ይህን ሁሉ ዳገት የወጣሽው ደህንነትሽን ልትነግሪን ነው?»

«ራሴን ትንሽ ያዞረኛል እንጂ» ትላለች፣ ነጠላዋን አፏ ላይ ስባ።

ሐኪሟ የዓለምእሸትን የዐይን ቆብ ገልጣ ታያለች። ፊቷ ይለወጣል። «ደም አልቆባታል። ልመረምራት ስል ትሸሻለች። ከየት እንደሚፈሳት ካልነገረችኝ ትሞትብኛለች።»

ይህንም አስተረጎምሁላት። ነጠላዋን ይበልጥ ትከናነባለች። አሁንስ ተናደድሁ።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ሲባል አልሰማሽም?»

«ሰምቻለሁ አበልጄ። ግን ለእርስዎ እንዴት ብዬ?»

ይሄኔ ይገባኛል። የበኩር ልጇን ክርስትና ያነሳሁ እኔ ነኝ። የሴት ነገሯን ለአበልጇ ዐይን ለዐይን እያየች የምትነግር ሴት ላስታ ውስጥ አልተወለደችም። ሐኪሟን ስረግም፣ እሷን ስቆጣ የቆየሁት በከንቱ ነው፤ እንቅፋቱ እኔው ነኝ። ሌላ አስተርጓሚ ደግሞ የለም።

በርጩማዬን ወደ ግድግዳው አዞራለሁ፤ ጋቢዬን እስከ ዐይኔ እከናነባለሁ።

«እኔ የለሁም አበልጄ። ለሐኪሟ ንገሪያት።»

በጣም ዝግ ባለ ድምፅ ትጀምራለች። ጽንሱ ከወረደ ወዲህ ደሙ አልቆመም። በቤቱ የቀረ ጨርቅ የለም። ባሏ ዘመቻ ላይ ነው፣ አያውቅም። ቃል በቃል ለግድግዳው በእንግሊዝኛ እደግመዋለሁ። ከኋላዬ ሐኪሟ ጓንት ስታጠልቅ፣ ሳህን ስታንኳኳ ይሰማኛል።

«ወንድ ነበር» ትላለች ዓለምእሸት። «እሱንም እርስዎ ነበሩ ክርስትና የሚያነሱልኝ።»

«ምን አለች?» ትላለች ሐኪሟ።

ግድግዳው ላይ ኖራው የተላጠበት ቦታ አለ። እሱን እያየሁ አፌን እከፍታለሁ። እንግሊዝኛው የለም።